ራፖር ጸሐፊው ባል፦ የማይታመን ተራኪ እንዴት ጻፍኩ?

ትዳሩ ስለሚፈርስበት ሰው አጭር ልቦለድ ስጀምር ባለታሪኬ «ራስ ወዳድ ባል» ብቻ ነበር። ይህ ስድብ እንጂ ሰው አይደለም። ሰው የሆነው ሥራ ስሰጠው ነው፤ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ አደረግኩት። ዕድሜውን ሙሉ የሰውን በደል በሰው ስም ሲጽፍ የኖረ፣ የገዛ ትዳሩ ሲናጋ ምን ይጽፋል? ማመልከቻ ነዋ! እሱ አመልካች፣ ሚስቱ ተጠሪ።

ይህ መልክ ግማሹን ሥራ ሠራልኝ። በክስ ማመልከቻ ግርጌ «ከላይ የቀረበው እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» ተብሎ ይፈረማል። የእኔም ሰው በየምዕራፉ መጨረሻ ይህን እየጻፈ ይፈርማል፤ ፊርማው በተደጋገመ ቁጥር አንባቢ ይጠረጥረዋል። «ተጠሪ ራት አታቀርብም» ይላል። ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ ሲያወራ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገብቶ ሽሮው ተከድኖ ቀዝቅዞ እንደጠበቀው ይጠቅሳል። እኔ ምንም አልጨመርኩበትም። ራሱን አብዝቶ የሚወቅስ ተራኪ ምሕረት እየለመነ ስለሚመስለኝ አላምነውም፤ ሳያስበው የሚያመልጠው ነገር ይበልጥ ያጋልጠዋል።

የታሪኩን ዕድሜ ከሕግ ተዋስኩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ፍርድ ቤት ፍቺ የጠየቁ ባልና ሚስት ረጋ ብለው እንዲያስቡበት ከ3 ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጣቸው እንደሚችል ይደነግጋል። ሰው በአንድ ሌሊት ሲለወጥ አንባቢ ይታዘባል፤ በ3 ወር ግን አንዲት ልማዱን ሊጥል ይችላል። ከአንዲት በላይም አልጠየቅኩትም።

በመጀመሪያው ረቂቅ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመክሩት ነበር። አወጣኋቸው። እነሱ ሲናገሩ ባለታሪኩ ራሱን ከመነቅነቅ በቀር ሥራ አልነበረውም። በምትካቸው አንዲት ደንበኛ አመጣሁለት። «ስናገር ፊቱን ወደ ሬዲዮው ያዞራል ብለው ይጻፉልኝ» ትለዋለች። እሱ እንደለመደው «ተጠሪ የትዳር ግዴታውን ባለመወጣቱ» ብሎ ይጽፍና ያነብላታል።

«ኧረ እኔ እንዲህ አላልኩም።»

«ዳኛ ፊት የሚያዋጣው ይኸኛው ነው፣ እናቴ።»

ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ ትነሣለች። ይጠራታል፤ የጻፈውን ይሰርዝና ሬዲዮውን ይጽፋል። ለውጡ ይኸው ነው። ከዚያ ገጽ ወዲህ ስለ ሚስቱ ሲጽፍ «ተጠሪ» ማለቱን ትቶ በስሟ ይጠራታል፤ ቁጥር 92ም ከምዕራፎቹ ግርጌ ይጠፋል። ብዙ አንባቢ ይህን ላያስተውል ይችላል፤ የሚያስተውለው ይበቃኛል።

ረቂቁን ያነበቡ ወዳጆቼ «ታዲያ ለምን አይታረቁም?» ብለው ተቆጡኝ። ቢታረቁ ኖሮ ሚስትየዋ ለጥሩ ጠባይ የምትሰጥ ሽልማት ትሆን ነበር። እሷ ደግሞ በእነዚያ ወራት ቤት ተከራይታ፣ እቃዋን ሸክፋ ጨርሳለች፤ የእሱን መለወጥ ቁጭ ብላ የመጠበቅ ግዴታ የለባትም። ቀጠሮው ሲደርስ ፍቺው ይወሰናል። ንብረት ሲካፈሉ ግን ባለታሪኬ ቴሌቪዥኑን አልለቅም ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል፤ ክርክሩንም ያሸንፋል።