የ1971 ኤምጂቢ የበር ሥር ዝገት

እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራችውን ኤምጂቢ የተባለች ጣራ የሌላት የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ስገዛት ቀለሟ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ሻጩ የበሮቿ ሥር በቅርቡ እንደ አዲስ መሠራቱን ነገረኝ፤ እኔም ተንበርክኬ ሳላይ አመንሁት። ወደ ቤት ባመጣኋት በመጀመሪያው ቅዳሜ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልዬ ከግራው በር ሥር ሳስጠጋው አልያዘም። አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ብወስደውም አልያዘም። በካቻቢቴ እጀታ ሳንኳኳው ድምፁ የብረት አልነበረም። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ በሰፈራችን የነበረው የባቲላሜራ ባለሙያ ፓራፋንጎውን በጣቱ አንኳኩቶ ስቱኮ ያለበትን ቦታ ከሌለበት ይለይ ነበር፤ ያን ጊዜ እንደ ተአምር የምቆጥረውን ድምፅ እዚህ እንግሊዝ አገር በራሴ መኪና ላይ ሰማሁት። ስቱኮውን ፍቄ ሳነሣው ከሥሩ የወጣው በበሰበሰው አሮጌ ብረት ላይ የተለበደ አዲስ ላሜራ ነበር።

ይህ ሥራ ያስቆጣኝ ስላላማረ አይደለም። ከኤምጂቢ በፊት የነበረችው ኤምጂኤ አካሏ በተለየ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ነበር። በመሐንዲሱ በሲድ ኤኔቨር መሪነት የተነደፈችውና ከ1962 እስከ 1980 በአቢንግደን ፋብሪካ የተመረተችው ኤምጂቢ ግን የተለየ ሻንሲ የላትም፤ አካሏ ራሱ ሻንሲዋ ነው። ክፍቷ መኪና ጣራ ስለሌላት ደግሞ የፊቱን ከኋላው ጋር አያይዞ ክብደቱን የሚሸከመው በዋናነት ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄደው ባዶ የብረት ሳጥን ነው። ሳጥኑ አንድ ላሜራ ብቻ አይደለም፤ ከውጭ የሚታየው ፊት፣ በመካከል የቆመው ግድግዳ፣ ከወለሉ ጋር የሚገናኘው የውስጡ ጎንና ከሥር ያለው መቀመጫ አንድ ላይ ሲበየዱ ነው ጥንካሬ የሚያገኙት። እነዚህ በስብሰው ሳለ ከውጭ ብቻ አዲስ ቆርቆሮ ማልበስ፣ በውስጧ የሚቀመጠውን ሰው ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ነው።

ዝገቱ የሚጀምረው ከማይታየው ወገን ነው። እዚህ አገር በብርዱ ወራት በረዶ እንዳይጋገር በመንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ አብዛኛው በቼሽር ግዛት ከሚገኘው ከዊንስፎርድ ማዕድን የሚወጣ ነው። አገራችን በአሞሌ የተገበያየችበትን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው፣ ጨው በየመንገዱ ሲረጭ ማየት መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል። ጨዋማ ውሃ ዝገትን ያፋጥናል፤ ከፊት ጎማ የሚፈናጠረው ጭቃ ደግሞ ከፓራፋንጎው የኋላ ጥግ ተጠራቅሞ ለወራት እርጥብ እንደ ሆነ ይቆያል። ዝገት ከብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፣ ሁለት ላሜራዎች በተነባበሩበት ስፌት ውስጥ ሲገባ ስፌቱን ገፍቶ ይከፍተዋል፤ በተከፈተው በኩልም ተጨማሪ ውሃ ይገባል።

ከመቁረጥ በፊት የተደረገው ዝግጅት ከመቁረጡ የበለጠ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ልክም ነበር። መኪናዋን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሜ ክብደቷን ጎማዎቹ በሚይዙበት ቦታ ደገፍሁት፤ ባዶው ወገብ ላይ በክሪክ ብትነሣ ትጎብጣለችና። ከዚያም የበሩን ማጠፊያ ከተሸከመው ምሰሶ እስከ መዝጊያው ምሰሶ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ በይጄ የበሩን ክፍት ቦታ አጸናሁት፤ የበሩን ዙሪያ ክፍተት በየቦታው ለክቼ ጻፍሁ። የዕቃ መጫኛው ሥር ያለውን የቤንዚን ሰልባቲዮ አወረድሁ፣ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ያሉትን ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎችም አወጣሁ። የባትሪዎቹ ሳጥንም በስብሶ ነበር፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ትቼዋለሁ።

የፊቱ ፓራፋንጎ በብሎን የታሰረ በመሆኑ ተፈትቶ ወጣ። የኋላው ግን የተበየደ ስለሆነ ታችኛውን ክፍል ቆርጬ አነሣሁ፤ የሳጥኑ ጫፍ ከሥሩ ስለሚያልፍ ያለዚህ መሥራት አይቻልም። የበሰበሰውን ሁሉ በፍሌክስ ቆርጬ የሚያብረቀርቅ ጤነኛ ብረት እስካገኝ ድረስ ወደ ኋላ ሄድሁ። ለቀዳዳ የሚበቃ ዝገት በመድኃኒት አይድንም፤ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ማጥፊያ የሚጠቅመው ላዩን ብቻ ለቀላ ጤነኛ ብረት ነው። አዲሱን ላሜራ ስበይድ በአንድ ትንፋሽ ረጅም መስመር አልሳብሁም፤ ሙቀቱ ላሜራውን ስለሚያጣምመው፣ እዚህ አንድ ነጥብ እዚያ አንድ ነጥብ እያልሁ፣ በመካከሉ እያቀዘቀዝሁ ዞርሁት። ፋብሪካው በነጥብ የበየዳቸውን ስፌቶች ለመተካት በላይኛው ላሜራ ላይ ቀዳዳ በስቼ ቀዳዳውን በብየዳ ሞላሁ፤ በሚነባበሩት ገጾች መካከል ደግሞ ዚንክ ያለበት ቀለም ቀባሁ። የዚንክ ጭስ ትኩሳት ስለሚያስይዝ የምሠራበትን ቤት በር ከፍቼ፣ ጭንብል አድርጌ ነው የሠራሁት። ግድግዳውን አስገብቼ በሩን መልሼ ሰቀልሁ፤ ከለካሁት ጋር አስተያይቼ እኩል ሲሆን ብቻ የውጩን ፊት ዘጋሁ።

ባዶ አካሏ ከ1988 ጀምሮ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ በተባለ ድርጅት እንደ አዲስ ስለሚሠራ፣ እሱን ገዝተህ ዕቃውን ብታዛውር አይሻልም ወይ ያሉኝ ወዳጆች ነበሩ። እንደዚያ የሚያደርገውን አልነቅፍም። እኔ ግን በ1971 ከአቢንግደን የወጣውን ብረት፣ የሚድነውን ያህል፣ በቦታው ማቆየት እፈልጋለሁ።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በሳጥኑ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብቼ ሰም ረጨሁበት፤ ሰሙ በየስፌቱ ሰርጎ ከታች በውሃ መውጫዎቹ በኩል መንጠባጠብ ሲጀምር አቆምሁ። እነዚህ መውጫዎች በቀድሞው ሥራ በስቱኮ ተደፍነው ነበር። አሁን ሁሉንም በሽቦ ፈትሼ ከፍቻቸዋለሁ። የደጋፊው ቱቦ ተቆርጦ ወጥቷል፤ የግራው በርም ሳይነካካ ይዘጋል። በሚመጣው ቅዳሜ ቱቦውን በቀኙ በኩል እበይደዋለሁ።