ለአዳማ መብራትና ለሰርግ ቪዲዮ የተገጠመ ዴስክቶፕ

ታናሽ ወንድሜ የሚተዳደረው ሰርግ በመቅረጽና ቪዲዮውን ኤዲት በማድረግ ነው። ባለፈው ዓመት የጥር ሰርግ ገና ሳይጋመስ፣ አንድ ማታ መብራት ሄዶ ከቆየ በኋላ ሲመለስ፣ ዴስክቶፑ አንድ ጊዜ ጧ አለና ዝም አለ፤ ክፍሉንም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞላው። ከኬዙ ጋር ተገጥሞ የመጣው፣ ለክፍሎቹ ሁሉ ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ማዘርቦርዱንና ሃርድ ዲስኩን አስከትሎ ነበር። የዚያ ሳምንት ሙሽሮች ቪዲዮ ከካሜራው ካርድ ላይ ገና ስላልጠፋ ከሰው ጋር አልተቀያየምንም፤ ለሌላ ሰርግ ሦስት ቀን የተለፋበት ኤዲት ግን ከሃርድ ዲስኩ ጋር አብሮ ሄደ።

በቤታችን ኮምፒውተር የምፈታው እኔ ስለሆንሁ ሬሳውን የመመርመሩ ሥራ የእኔ ሆነ። ፓወር ሰፕላዩን አውጥቼ በእጄ ስመዝነው ባዶ ቆርቆሮ ያነሣሁ መሰለኝ። በአንድ ጎኑ «600 ዋት» የሚል ትልቅ ቀይ ጽሑፍ ተለጥፎበታል። በሌላው ጎን በደቃቃ ፊደል የተጻፈውን ሠንጠረዥ በስልኬ መብራት ሳነበው ግን ለ12 ቮልቱ መስመር የተሰጠው 18 አምፒር ብቻ ነበር። በዛሬ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩም ሆነ ግራፊክስ ካርዱ ኃይል የሚያገኘው በዋነኛነት ከዚህ መስመር ነው፤ 12 በ18 ሲባዛ ደግሞ 216 ዋት ብቻ ይሆናል። የቀረው ቁጥር ለጌጥ የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል። ከኋላው በእጅ የሚገፋ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ነበረው፤ ይህም በአብዛኛው የአሮጌና የርካሽ አሠራር ምልክት ነው። ደህናው ዓይነት ማብሪያው የለውም፤ በሠንጠረዡ ላይ «100–240 ቮልት» ተብሎ ይጻፍበትና በዚያ ክልል ውስጥ ያለውን ሁሉ ራሱ አመጣጥኖ ይቀበላል።

ይህ ነገር ለእኛ ከተማ ተራ ዝርዝር አይደለም። አዳማ ዳርቻ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የሚሽከረከሩት የሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ተርባይኖች፣ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153፣ በድምሩ 204 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እኛ ከደጃችን ሆነን እያየናቸው ሻማ የምናበራበት ማታ ግን አይጠፋም። ማመንጨትና ማከፋፈል የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሻማ ይዞ ተርባይን ማየት ያስቃል። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አምፖሉም ይፈዛል። 220 ሊሆን የሚገባው 170 ሲደርስ ከ100 እስከ 240 የሚቀበለው ፓወር ሰፕላይ ሥራውን ይቀጥላል፤ ያኛው ይንገዳገዳል።

ስለዚህ አዲሱን ዴስክቶፕ ስናቅድ ወንድሜ ከግራፊክስ ካርድ ሊጀምር ሲል ወረቀቱን ቀማሁትና ከታች ጀመርሁ። መጀመሪያ ከበጀቱ ላይ የፓወር ሰፕላይና፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው የዩፒኤስ ድርሻ ተቆረጠ፤ ሁለቱ በአንድ ላይ አንድ አምስተኛውን ወሰዱ። ዋጋ በብር የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ማለትም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ያን ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻግሯል። የኮምፒውተር ዕቃ በሙሉ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ነጋዴው ጠዋት የነገረን ዋጋ ከሰዓት አይገኝም፤ ድርሻውን መናገር የተሻለ ነው።

የገዛነው ባለ 550 ዋት፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚል ማረጋገጫ ያለው ነው። 80 ፕላስ የሚለካው ከግድግዳው ከሚሳበው ኃይል ምን ያህሉ ለኮምፒውተሩ እንደሚደርስና ምን ያህሉ ሙቀት ሆኖ እንደሚባክን ነው፤ ስለ ጥራቱ ሁሉን ነገር አይናገርም፤ ነገር ግን ያንን ፈተና ያለፈ ዕቃ ባዶ ቆርቆሮ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። ስለ ዩፒኤስ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው 650 ቪኤ ነው እንጂ ዋት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ዩፒኤስ በተለምዶ የሚሸከመው 360 ዋት አካባቢ ነው። ለእኛ ይበቃል፤ ዓላማው በጨለማ መሥራት ሳይሆን ሥራውን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለመዝጋት የሚሆን ደቂቃ ማግኘት ነው። ርካሽ ዩፒኤሶች ከባትሪ የሚያወጡት ኃይል ከግድግዳው ጋር ፍጹም አንድ ስላልሆነ ከአንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ጋር አይስማሙም፤ ስለዚህ ገዝቶ ከመውጣት በፊት ሁለቱን አገናኝቶ፣ ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ ሶኬቱን መንቀል ያስፈልጋል። ሻጩ ፊቱን ያጠቁራል፤ ያጥቁር።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ፕሮሰሰር ነው፤ ረጅሙን ጊዜ የወሰደብንም እርሱ ነው። ወንድሜ ለትልልቅ ሰርግ የሚከራየው ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 ካሜራ ቪዲዮውን ኤች.265 በተባለው የማመቂያ ዘዴ፣ ባለ 10 ቢት 4:2:2 አድርጎ፣ ማለትም ብዙ የቀለም መረጃ ይዞ ያስቀምጣል። ቀለሙ ለማስተካከል እጅግ ምቹ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱን ፍሬም መፍታት ከባድ ሸክም ነው። ይህን ዓይነት ፋይል በራሱ ክፍል የሚፈታ ትንሽ ግራፊክስ በ12ኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ ተሠርቶ ይገኛል። የኤንቪዲያ ካርዶች ይህን ችሎታ ያገኙት በ2025 በወጣው አርቲኤክስ 50 ትውልድ ነው፤ በሌላ አነጋገር በእኛ በጀት የማይታሰብ ነው። ራይዘን 5 5600ጂ ለቢሮም ለቀላል ጌምም የምወደው ፕሮሰሰር ቢሆንም በውስጡ ያለው ግራፊክስ ይህን ፋይል አይፈታውም። ምርጫችን ኮር አይ5-12400 ሆነ፤ 6 ኮር ያለው፣ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራም ከ117 ዋት የማይበልጥ ነው።

ገበያ ላይ ግን በብዛት የሚቀርበው 12400ኤፍ ነው። በመጨረሻው ላይ ያለችው ኤፍ በውስጡ ያለው ግራፊክስ የተዘጋ መሆኑን ታመለክታለች፤ በዚህም ምክንያት ዋጋው ይቀንሳል። ለጌም የሚገዛ ሰው ምንም አይጎድልበትም፤ ለእኛ ግን የቀረችው ክፍል የምንፈልጋት ራሷ ነበረች። ይህን በቃል ማስረዳት ስላቃተኝ አንድ ሱቅ ውስጥ በፍላሽ ይዤው የሄድሁትን፣ አንዲት ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ የሚያሳይ አጭር የ4ኬ ቅንጭብ አውጥቼ በሁለት ማሽኖች ላይ ፕሪሚየር በተባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም እንዲከፈት ጠየቅሁ። ኤፍ ፕሮሰሰርና ባለ ሁለት ፋን ግራፊክስ ካርድ ባለው፣ ፋኖቹ ቀስተ ደመና በሚያበሩት ማሽን ላይ ሙሽራዋ አንድ እግሯን መሬት ላይ አሳርፋ ደርቃ ቀረች፤ ከአፍታ በኋላ ዘልላ በሩ ላይ ተገኘች። ካርድ በሌለው፣ አቧራ በጠጣው ተራ 12400 ላይ ግን ቬሏ በነፋስ ሲውለበለብ አንድም ሳይቆራረጥ ታየ። የሱቁ ልጅ ወደ ኬዙ ጎንበስ ብሎ ውስጡን ከተመለከተ በኋላ፣ «ካርድ ሳይኖረው ነው እህቴ?» አለኝ። የሰርግ ቪዲዮ የምትሠሩ ሁሉ የራሳችሁን ካሜራ ፋይል ይዛችሁ ሂዱ፤ ከማንኛውም የፍጥነት ሠንጠረዥ የበለጠ ይነግራችኋል።

ያገለገለ ዕቃ ለምን አልገዛችሁም የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ከውጭ ቢሮዎች ተሰብስበው የሚመጡት የዴልና የኤችፒ ዴስክቶፖች ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ ከገንዘባቸው በላይ ያገለግላሉ፤ እኔም ራሴ በአንዱ ነው የምሠራው። ነገር ግን ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸውና መሰኪያው ለራሳቸው ብቻ የተሠራ በመሆኑ አንዱ ሲበላሽ ከገበያ ማንኛውንም ገዝቶ መተካት አይቻልም። ደግሞም የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ባለ 6ኛ ትውልዱን «ያው አይ7 ነው» እያሉ የሚያስማሙ ደላሎች ይህን አያነሡም።

ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በግራፊክስ ካርድ ስሌት ማውጣትን (ማይኒንግን) ካስቀረ በኋላ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በየአገሩ ገበያ ፈሰሱ። ከእነዚህም መካከል አርኤክስ 580 አንዱ ነው። ከሥራው ብዛት በላይ የሚያሳስበኝ ስሙ ነው፤ ዋናው አርኤክስ 580 የሚይዘው 2304 የስሌት ክፍል ሲሆን፣ 2048 ብቻ ያለው ሌላ ዓይነት በዚሁ ስም ይሸጣል። ከመክፈላችሁ በፊት ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍታችሁ ቁጥሩን አንብቡ። ለጊዜው እኛ ካርድ ሳንገዛ ቀርተናል።

ማዘርቦርዱ ኤች610 ነው፤ ብዙ የምለው የለኝም። ፕሮሰሰሩ ዲዲአር 4ንም ዲዲአር 5ንም ስለሚደግፍ፣ የትኛውን እንደምትጠቀሙ የሚወስነው ቦርዱ በመሆኑ ራም ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶኑን አንብቡ። እኛ በዋጋው ምክንያት ዲዲአር 4 ወሰድን።

በራም ላይ ግን ከወንድሜ ጋር ተጣላን። ቦርዱ ያለው ሁለት የራም ቦታ ብቻ ነው። አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ብንሰካ ለወደፊት ቦታ ይተርፋል፤ ሆኖም ሁለት እኩል ራም ጎን ለጎን ሲሠራ የሚገኘው ፍጥነት ይቀራል፤ በውስጡ ያለው ግራፊክስ ደግሞ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዚሁ ነው የሚበላው። ሁለት ባለ 8 ብንሰካ ፍጥነቱ ይገኛል፣ ቦታው ግን ያልቃል፤ 4ኬ ኤዲት ለሚያደርግ ሰው 16 ጊጋባይት ወዲያው ይጠብባል። በመጨረሻ ሁለት ባለ 16 ገዛን፤ ገንዘቡም ወንድሜ ከመረጠው ባለ መስታወት፣ ባለ መብራት ኬዝ ላይ ተቀነሰ። ሦስት ቀን አኩርፎኛል።

የመጣው ኬዝ ፊቱ ወንፊት የሆነ ጥቁር ተራ ኬዝ ነው። የአዳማ ነፋስ አቧራ ይዞ እንደሚዞር የሚያውቅ ሰው መስታወት የተገጠመበትና አየር የማያስገባ ፊት አይመርጥም። ከፊት ሁለት ፋን አስገቢ፣ ከኋላ አንድ አስወጪ አድርገናል፤ የሚገባው አየር ከሚወጣው ሲበልጥ አቧራ በየስንጥቁ ሾልኮ አይሳብም። ከአሮጌ አጎበር አራት ማዕዘን ቆርጬ ከፊቱ ወንፊት በስተጀርባ ወጠርሁት፤ በየሁለት ሳምንቱ አውጥቼ አራግፈዋለሁ። ኬዙ ከወለል ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ነው የተቀመጠው።

ለዊንዶውስና በእጅ ላይ ላለው ሥራ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ከሃርድ ዲስክ የፈጠነ ማከማቻ ገዛን። በቀድሞው የሳታ መሰኪያ የሚገጠመው ኤስኤስዲ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ይህኛው ከ3,000 ያልፋል፤ በዋጋ ደግሞ ብዙም አይራራቁም። ስማቸው የታወቀ አስመስለው የሚሸጡ፣ 1 ቴራባይት ተብለው የዚያን ሩብ የማይዙ ስላሉ፣ በተገዛ ዕለት ሙሉ በሙሉ በፋይል ሞልቶ መልሶ በማንበብ ማረጋገጥ ይገባል። ያለቀ ሥራ የሚቀመጠው በተለየ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ቅጂውም ከኮምፒውተሩ ውጭ ይቀመጣል፤ ያለፈው ጥር ያስተማረን ይህን ነው።

የገጠምነው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እናታችን ቡና እያፈላች ነበር። በዚህ ሶኬት እንደ ፀጉር የቀጠኑት 1700 መንካኪያዎች ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ስለሆነ፣ ፕሮሰሰሩን አስተካክሎ ለቀቅ ማድረግ እንጂ መጫን አይገባም። ያን በሰላም አለፍነው። ማብሪያውን ስንጫን ፋኖቹ ዞሩ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆነ። ወንድሜ የቡና ሲኒውን አስቀምጦ፣ «እትዬ፣ ይኼም ተቃጠለ እንዴ?» አለ። ሶኬቱን ነቅዬ ውስጡን ስዳስስ አንደኛው ራም በአንድ ጫፉ በኩል ገብቶ በሌላው ፀጉር ታህል ቀርቶታል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ቀጭ አለ፤ ስክሪኑም በራ።

ካለፈው ወር ጀምሮ ሁለት ጊዜ ሬንደር ላይ፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ በማውጣት ላይ እያለ መብራት ሄዶበታል፤ ዩፒኤሱ ሲጮኽ ወንድሜ ሥራውን አቁሞ በሥርዓት ዘግቶታል። መብራት ሲመለስም ወዲያው እንዳይከፍተው፣ አምፖሉ መፍዘዝና መድመቁን እስኪያቆም ዲቫይደሩን እንዲያጠፋ ተስማምተናል። ቀለም በማስተካከልና ኤፌክት በመጨመር ጊዜ ማሽኑ አሁንም ይዘገያል፤ ካርድ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው። በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 የሚወስደው 70 ዋት ብቻ በመሆኑ ለፓወር ሰፕላያችን ቀላል ነው፤ የሚያዝያ ሰርጎች ሒሳብ ሲሰበሰብ ዋጋውን እንጠይቃለን።