ዲ የት ገባ?

መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ቀድሞ የሚሰማው «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ነው። በዚህ አንድ ቃል ግን ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ይጠሩበታል። አንዱ በነበረው ዊንዶውስ ላይ አዲሱን መጫን ነው፤ ፕሮግራሙም ፋይሉም ባለበት ይቆያል። ሌላው ሲን፣ ማለትም ዊንዶውሱ የተጫነበትን የዲስክ ክፍል፣ ብቻ አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። ሦስተኛው ዲስኩን ከነፓርቲሽኑ (ሲ፣ ዲ ከሚባሉት ክፍልፋዮቹ ጋር) ጠርጎ ከባዶ መጀመር ነው። ያዘዘው ሰው የመጀመሪያውን እያሰበ፣ የሚሠራው ሰው ሁለተኛውን ጀምሮ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ምን እንደሚከተል አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አስመጪ ድርጅት የሂሳብ ክፍል ውስጥ የደረሰው ነገር ያሳያል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ካቆመ በኋላ፣ ኃላፊው የክፍሉ ኮምፒውተሮች ወደ ዊንዶውስ 11 እንዲያድጉ አዘዙ። ትእዛዙ ተገቢ ነበር። የዋና ሂሳብ ሠራተኛዋ ማሽን ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ ባለ 8 ጊጋ ራም፣ ባለ 500 ጊጋ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። በአቅም በኩል ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል። ነገር ግን ከዓመታት በፊት ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ሌጋሲ በሚባለው በአሮጌው የኮምፒውተር አነሳስ መንገድ ስለነበር ዲስኩ የተከፋፈለው ኤምቢአር በሚባለው በድሮው የክፍፍል ሠንጠረዥ ነው። ሲ 200 ጊጋ ያህል፣ የቀረው ዲ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮው ጭር ሲል ባለሙያው መጣ። ወጣት ነው፤ ጥንቁቅ ነው፤ ጠይቆም ነው የጀመረው።

«እትዬ፣ ዳታዎት የት የት ነው ያለው?»

«ዴስክቶፑ ላይ ያለው ነው የኔ ልጅ፤ ሌላው ዲ ላይ ነው» አሉት።

ዴስክቶፑን፣ ዶክመንትሱንና ዳውንሎድሱን ሰብስቦ ዲ ላይ ገለበጠ። የሂሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራሙ፣ ፒችትሪውስ ብሎ አልጠየቀም፤ እሳቸውም ፒችትሪን እንደ «ዳታ» ሳይሆን እንደ ፕሮግራም ነው የሚያዩት። ሂሳብ ክፍል ውስጥ ይህ ስህተት ደጋግሞ ይደርሳል፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፒችትሪ የድርጅት መዝገብ በተጠቃሚው ስም ባለው ፎልደር ውስጥ አይቀመጥም፤ ብዙ ጊዜ ሲ ላይ ለብቻው በተከፈተ ፎልደር ውስጥ ነው። ዶክመንትስን የገለበጠ ሰው የድርጅቱን ደረሰኝ፣ ክፍያና የዕቃ ሚዛን ሁሉ እዚያው ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ «ዳታዎት የት ነው?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። ሠራተኛዋ በወር ውስጥ የሚከፍቷቸውን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ እንዲከፍቱ ማድረግና እያንዳንዱ ከየት እንደሚያነብ በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

ቀጥሎ ዲ። «ዲ አይነካም» የሚለው እምነት ከየቢሮው የሚሰማ ነው፤ ግማሹ እውነት ነው። ሲ ብቻ ፎርማት ሲደረግ ዲ በእርግጥ አይነካም። ይሁን እንጂ ሲና ዲ በአንድ ብረት ላይ የተሰመሩ ሁለት መስመሮች ናቸው። መስመሩን የያዘው ሠንጠረዥ ከተነካ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ባለሙያው ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም የተዘጋጀ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ሰካ፣ የማስነሻ ዝርዝሩን ከፈተ። ያው ፍላሽ ሁለት ቦታ ታየ፤ አንዱ ሌጋሲ፣ አንዱ ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ የአነሳስ መንገድ። ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው ዩኢኤፍአይን ስለሆነ እሱን መረጠ። ፓርቲሽን ምረጥ የሚለው ገጽ ላይ ሲን ፎርማት አድርጎ «ቀጥል» ሲል እምቢ አለው፤ ዲስኩ ኤምቢአር ነው፣ በዩኢኤፍአይ በተነሳ ማሽን ላይ ዊንዶውስ የሚጫነው ጂፒቲ (አዲሱ የክፍፍል ሠንጠረዥ) በሆነ ዲስክ ላይ ብቻ ነው የሚል መልእክት ወጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያውቀው አንድ መፍትሔ ነው፦ ፓርቲሽኖቹን ሁሉ አጥፍቶ ባዶውን ቦታ መስጠት። ቪዲዮውም፣ የሥራ ባልደረባውም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ይሠራልም። እሱም አንድ በአንድ አጠፋቸው። በመጨረሻ የጠፋው፣ ትልቁ ፓርቲሽን፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ራሱ ፋይሎቹን ያስቀመጠበት ዲ ነበር።

ተጭኖ ሲያልቅ ፋይሎቹን ሊመልስ ዲን ፈለገ። ያለው ሲ ብቻ ነው፤ ወደ 465 ጊጋ።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ግን ሥራውን አተረፈለት። ማሽኑን ወዲያውኑ አጠፋ። ድራይቨር አልጫነም፣ ማሻሻያ አላወረደም፣ የፋይል መመለሻ ፕሮግራም አውርዶ እዚያው ሲ ላይ አልጫነም። የተነሳ ዊንዶውስ ዝም ብሎ እንኳ ይጽፋል፤ ማሻሻያ ያወርዳል፣ ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥራል፣ የሚሽከረከር ዲስክ ከሆነም በየጊዜው ራሱ ያደራጃል። የሚጻፈው ነገር የሚያርፈው ደግሞ ሲስተሙ ባዶ ነው ብሎ ባመነው ቦታ ላይ ነው፤ የጠፋው ፋይል የተኛውም እዚያው ነው።

ዲስኩን ፈትቶ ልምድ ወዳለው ባልደረባው ወሰደው። ባልደረባው መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ባለ 1 ቴራ ዲስክ ላይ ገለበጠው። 500 ጊጋ በሰከንድ 100 ሜጋ እየተነበበ ወደ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ቢሆን ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ነው። ዋናው ዲስክ ላይ ቀጥታ መሞከር የለበትም፤ አንድ የተሳሳተ ቁልፍ የተጫኑ እንደሆነ መመለሻ የለም።

ቴስትዲስክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ግልባጩን አነበበ። በፈጣኑ ፍለጋ አዲሶቹን ፓርቲሽኖች ብቻ አሳየ፤ በጥልቁ ፍለጋ ግን የአሮጌው ዲ መነሻ ከነምልክቱ ወጣ። ለምን ተረፈ? ፓርቲሽን ሲጠፋ የሚጠፋው ሠንጠረዡ ላይ ያለው መስመር ነው እንጂ ውስጡ ያለው ፋይል አይደለም። በጫኙ ላይ የሚደረገው ፈጣን ፎርማትም የሚጽፈው ጥቂት መዝገብ ነው፤ ዋናው የፋይል መዝገብና ዊንዶውሱ ራሱ የሰፈሩት በዲስኩ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ዲ የጀመረው ከ200 ጊጋ ማዶ ስለነበር ብዙው ሳይነካ ቀረ። የአሮጌው ሲ የፋይል መዝገብ ግን ያንኑ ቦታ ይጋራ ስለነበር ተደፍጥጧል። ፋይሎቹ በቴስትዲስክ ዝርዝር ላይ ተመርጠው ወደ ሌላ ዲስክ ተቀዱ።

ዲስኩ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ዊንዶውስ ኤስኤስዲን ፎርማት ሲያደርግ ትሪም የሚባለውን ትእዛዝ ይልካል፤ ዲስኩም እነዚያን ቦታዎች ባዶ አድርጎ ይቆጥራል፣ ሲነበቡም አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ ይመልሳል። በድሮ ሃርድ ዲስክ ላይ «ይመለሳል» ሲል የኖረ ባለሙያ ይህንን ልዩነት በደንብ ሊያውቀው ይገባል፤ ዛሬ በየቢሮው የሚገባው ኤስኤስዲ ነውና።

ከዲ ላይ ከተገኙት መካከል ዋጋው የማይተመነው በፒቲቢ የሚያልቅ አንድ ፋይል ነበር፤ ሠራተኛዋ በፒችትሪው የባክአፕ ትእዛዝ የወሰዱት። ዕድሜው 19 ቀን ነው። እሱ ሲመለስ መዝገቡ እስከዚያ ቀን ድረስ ተነሳ፤ የ19 ቀኑ ደረሰኝና የክፍያ ማዘዣ ከወረቀቱ ላይ እንደገና ተመዘገበ፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያው ሳያልፍ ተደረሰበት። በነገራችን ላይ ይህን ፋይል የሚመልስ ሰው የፒችትሪውን እትም አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። የአሮጌው እትም መዝገብ በአዲሱ ሲከፈት ይቀየራል፤ ከተቀየረ በኋላ አሮጌው አይከፍተውም።

ትክክለኛው መንገድ ሌላ ነበር። ዊንዶውስ 10 ከ1703 እትም ጀምሮ ዲስክን ሳያጠፋ ከኤምቢአር ወደ ጂፒቲ የሚቀይር ትእዛዝ አብሮት ይመጣል። መጀመሪያ በማረጋገጫው ብቻ ይሮጣል፤ ካለፈ ይቀየራል። የሚከለክለው ብዙ ጊዜ የፓርቲሽን ቁጥር ነው፤ ከ3 ዋና ፓርቲሽን በላይ ካለ ወይም ሎጂካል የሚባለው ክፍል ካለ እምቢ ይላል። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ ካለ አስቀድሞ ለጊዜው መቆም አለበት፤ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍም በወረቀት ተጽፎ ይያዝ። ከተቀየረ በኋላ ባዮስ (የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ) ገብቶ ሌጋሲውን ወደ ዩኢኤፍአይ ማዞር ግድ ነው፤ አለበለዚያ ማሽኑ አይነሳም፤ ይህን ያላወቀ ሰው ዲስኩ የተበላሸ መስሎት ደንግጦ ሁሉንም ያጠፋል። እዚያው ባዮስ ውስጥ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቃቸው የደኅንነት መከላከያዎች፣ ቲፒኤምና ሴኪዩር ቡት፣ ይበራሉ። ከዚያ የዊንዶውስ 11 ጫኙን ዊንዶውስ 10 ላይ ሆኖ ማስነሳት ነው፤ ፕሮግራሙም ፋይሉም ባለበት ያድጋል፣ ያልተስማማ ነገር ካለም በ10 ቀን ውስጥ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አይጀመርም።

ለሂሳብ ክፍል ማሽን ከዚህም የሚሻል አለ። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ፈትቶ ባለ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ አስገብቶ እዚያ ላይ ከባዶ መጫን ነው። ማሽኑ ይፈጥናል፤ አሮጌው ዲስክ ደግሞ አንድም ነገር ሳይነካበት ቀኑና የባለቤቱ ክፍል ተጽፎበት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ቢያንስ አንድ የወር መዝጊያ እስኪያልፍ ድረስ ለሌላ ሥራ አይሰጥም። የተረሳ ነገር የሚታወቀው ያን ጊዜ ነውና።

እዚህ ቤትም የተረሳው ሌላ ነገር የታወቀው ሰኞ ጠዋት ነው። ሠራተኛዋ ለባንክ የሚጻፍ የቆየ ደብዳቤ ሲከፍቱ ገጹ በላቲን ፊደልና በምልክት ተሞልቶ አዩት። «ፋይሉ ተበላሽቷል» ተባለ፤ አልተበላሸም። ግዕዝ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 (በፈረንጆቹ) ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች የ«ሀ»ን ቅርጽ የላቲን ፊደል መቀመጫ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ማሽኑ ላይ ከሌለ የሚታየው ከሥር ያለው ላቲን ነው። ፎንቶቹ የሚኖሩት ደግሞ ሲ ላይ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ከአሮጌው ሲ ጋር አብረው ሄደዋል።

የሰው ሀብት ክፍሉ ኮምፒውተር ገና አልተነካም ነበር። ባለሙያው የፎንቶቹን ፎልደር ሙሉውን በፍላሽ ቀድቶ አመጣ፤ ደብዳቤው የተጻፈበትን የድሮ ፎንት፣ ቪዥዋል ግዕዙን፣ መርጦ ጫነው፤ ደብዳቤው ተዘግቶ ሲከፈት አማርኛው በቦታው ነበር። ያንን ፍላሽ አልመለሰውም። ቀሪዎቹ አራት ማሽኖች እስኪያልቁ ከእጁ አልለየውም።