አካፋው

ማታ ነው። መብራት ጠፍቷል። ሐዋሳ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠው ነው። ምክንያቱን የማላውቀው ድብርት ከጠዋት ጀምሮ ይዞኛል። ዝናቡ ደግሞ ባሰበት።

የጎረቤት ልጅ በር አንኳኳ። «ጋሼ፣ አካፋ አለዎት?» ቱቦው በገረባና በፌስታል ተደፍኖ ውሃው ግቢያቸው ገብቷል። «ቆይ ልፈልግልህ» አልኩት።

በስልኬ መብራት ዕቃ ቤት ገባሁ። አካፋውን ስፈልግ ቦቲዬ እጄ ላይ ገባ። ሶሉ ላይ ጭቃ ደርቆበታል። የጎፋ ጭቃ። እስከ ዛሬ አላጠብኩትም። ለማስታወሻ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ስንፍና ነው።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ ገዜ ጎፋ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ተናደ። ሰው ተቀበረ። ጎረቤት ሮጦ መጣ። የቀበሌው አስተዳዳሪ መጣ፣ መምህራን መጡ፣ የጤና ባለሙያዎች መጡ። እነሱ እየቆፈሩ ተራራው ሁለተኛ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሊያወጡ የመጡ ነበሩ። በኋላ 3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

እኔ በሳውላ በኩል የደረስኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሰው በዶማ፣ በአካፋ፣ በባዶ እጁ ይቆፍራል። ቀና ስል የተቀረፈው ተራራ እላያችን ላይ ነው። ያኔ ያልገባኝ፣ ቆይቶ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ይሄ ነው። መጀመሪያ የሮጡት እንደገና እንደሚናድ አላወቁም እንበል። እነዚህ ግን ያውቃሉ። ትናንት ምን እንደሆነ አይተዋል። አውቀው ነው የገቡት።

አንድ ሰውዬ አጠገቤ ደከመውና ቀና አለ። ዕድሜው የኔ ያህል ይሆናል። አካፋውን ዘረጋልኝ። በጎፍኛ የሆነ ነገር አለኝ። ቋንቋው አልገባኝም፤ አካፋው ግን ገብቶኛል። እኔ ምን አደረግኩ? ሪከርደሬን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። ጋዜጠኛ ነኝ ማለቴ ነው። አልተቆጣም። አካፋውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ቁጭ አለ።

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ዜናውን ስጽፍ «የአካባቢው ነዋሪ ርብርብ እያደረገ ነው» አልኩ። ርብርብ! ይቺን ቃል ስንት ጊዜ እንደተጠቀምኩባት። አንበጣ ሲመጣ ርብርብ፣ እሳት ሲነሳ ርብርብ፣ ችግኝ ሲተከል ርብርብ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ሲጠርጋትም፣ ገና ጀማሪ ሆኜ፣ ርብርብ ብያለሁ። ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ደጋው ላይ ነው፤ ከተማው ተኝቷል። እዚያ ያገኘኋት አንዲት እናት ያተረፋቸው በየበሩ እየዞረ በድንጋይ ሲደበድብ የነበረ ልጅ እንደሆነ ነገረችኝ። ዜናው ውስጥ ልጁ የለም። ርብርብ ውጦታል።

አለቃዬ «ዘጋቢ ከቆፈረ ማን ይዘግባል?» ይለኝ ነበር። ልክ ነው። ደግሞም ከሳውላ የሄደው ዜና እርዳታ አስልኮ ይሆናል። ይሄን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ግን አንድ አስር ደቂቃ ብቆፍር ዜናው የት ይሄድብኝ ነበር? ሥራዬ ነው የያዘኝ ወይስ ያ ተራራ?

እሱን ሳስብ፣ ሻማ ፈልጌ፣ ደብተር አውጥቼ፣ እዚህ ደረስኩ።

ዝናቡ አባርቷል። ከአጥር ወዲያ ሲያካፉ ይሰማኛል፤ ይሳሳቃሉም። ከሌላ ሰው ተውሰው መሆን አለበት። የኔ አካፋ ለካ በሩ ጀርባ ነው ያለው፣ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል።

ነገ ጠዋት ልጁ «ጋሼ፣ አጡት እንዴ?» ቢለኝ ምን እለዋለሁ?