ሰርቨሩ ፍሪጅ ውስጥ ነው

እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ትመጣለች። ሦስት ቃል ናት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ትመጣለች፣ ፊቴን ስታጠብ ትመጣለች፣ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር መጥታብኛለች። የተናገረችው አስተናጋጅ ይሄኔ ረስታዋለች። እኔ ግን ካፌ ቀይሬያለሁ፤ አራት ኪሎን ራሱ አሁን የማቋርጠው ከሐውልቱ ወዲያ ማዶ ነው።

አፕ እሠራለሁ። ላፕቶፔ ቦርዱ ከሄደ ቆይቷል፤ ጠጋኙ ገልብጦ አየውና «ይሄን ከማሠራት ሌላ መግዛት ይሻልሃል» ብሎ አሰናበተኝ፣ እንደ ጨዋ ሰው ሳይስቅ። ስለዚህ በስልክ ነው የምሠራው። የስልክ አፕ፣ በስልክ፣ በሁለት አውራ ጣት። ሰው አያምንም። እናቴ «ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥደህ ትውላለህ፣ ሥራ አትፈልግም?» ትለኛለች። «እማ፣ ሥራዬ እኮ ይሄ ነው» ስላት ቲክቶክ ላይ ስጦታ የምለምን ነው የሚመስላት።

ይሠራል ግን። ተርመክስ የሚባለውን አፕ ስትጭን፣ ስልክህ ውስጥ የኮምፒውተሩ ሊኑክስ ገብቶ ቁጭ ይላል። ጃቫውን ታወርዳለህ፣ ኮዱን ገጣጥሞ አፕ የሚያደርገውን ግሬድሉን ታወርዳለህ። ከዚያ ግሬድል ኤኤፒቲ2 የሚባል፣ የአፑን ምስልና ጽሑፍ የሚያሽግ መሣሪያ ይዞልህ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ የተሠራው ለኮምፒውተር ፕሮሰሰር ነው። የስልክህ ፕሮሰሰር አርም የሚባል ሌላ ዓይነት ስለሆነ ጭራሽ አይተዋወቁም። መፍትሔው ለአርም የተሠራውን ከተርመክስ ጭነህ፣ ግሬድል ፕሮፐርቲስ የሚባለው ፋይል ላይ «ያንን ተወው፣ በዚህኛው ተጠቀም» የምትል አንድ መስመር መጨመር ነው። ያቺን መስመር ያገኘሁ ሌሊት ብቻዬን እልል ብያለሁ። ጠዋት አከራዬ «ማን ወለደ?» ብለው ጠየቁኝ።

ችግሩ ሙቀት ነው። ቢልድ፣ ማለትም ኮዱን አፕ አድርጎ መገጣጠም፣ ሲጀምር ስልኩ እንደ ምጣድ ይግላል። ሲግል ደግሞ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያ ማለት አንድ ማኪያቶ ጠጥተህ፣ ብርጭቆውን አንስተውብህ፣ አስተናጋጇ «ሌላ ምን ልታዘዝ?» ብላ በዓይኗ ልታስነሳህ ስትሞክር፣ እሱ ገና ግማሽ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ እነዚህ ካፌዎች ምን አድርገናቸው ነው? «ላፕቶፕ መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ አለ። ይሁን፣ እኔን አይመለከተኝም። ሶኬቱን በፕላስተር ማሸግ ግን ምን የሚሉት ነው? አንዱ ሶኬት ላይማ የፕላስቲክ አበባ አቁመውበታል። ስልኬን ቻርጅ ላይ ባደርግ ከማኪያቶው ትርፍ ላይ ስንት ሳንቲም ይጎድላል? ለቴሌቪዥኑ ሲሆን መብራቱ አይቆጥርም? ቀኑን ሙሉ ድምፁ ተዘግቶ የአውሮፓ ኳስ ድጋሚ ያሳያል፣ የሚያየው የለም!

የዚያን ቀን ደንበኛዬ የላውንደሪ ባለቤት ናቸው፤ ልብስ ሲታጠብ ለባለልብሱ መልእክት የሚልክ አፕ ነው ያሠሩኝ። ዘጠኝ ሰዓት ተቀጣጥረናል። ሰባት ሰዓት ላይ ደወሉና «አንተ ልጅ፣ ልብስህ ደርሷል የሚለውን ልብስዎ ደርሷል አድርገው፤ ደንበኛ አንተ አይባልም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ግን ለአንዲት ፊደል ሙሉ ቢልድ መሆኑን ለሳቸው እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ሌላ ቀን ቢሆን ኮዱን ጊትሃብ ላይ፣ የኮድ ማስቀመጫው ድረ ገጽ ላይ ሰቅዬ እዚያ ባሉት ማሽኖች አስገነባው ነበር። የካፌው ዋይፋይ ግን «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል፣ የራሴ ዳታ ደግሞ አልቋል። ስለዚህ እዚያው ስልኬ ላይ አስጀመርኩት።

ጋለ። በሶፍት አበስኩት፣ በማዘዣው ወረቀት አራገብኩት። ከዚያ ዓይኔ ባንኮኒው ጎን ያለው ባለመስታወት ፍሪጅ ላይ አረፈ። ባንኮኒው ላይ የተቀመጡትን እትዬን «እባክዎ ለአፍታ ላስቀምጠው፣ ሞቆብኝ ነው» አልኳቸው። አዩኝ፣ ስልኩን አዩ፣ አንድ አምቦ አውጥተው ቦታውን ለቀቁልኝ። «አይበላሽብህም?» ብቻ ነው ያሉት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ውብ ነበር። በአምቦና በሚሪንዳ መካከል ተደግፎ ቆሟል፣ ስክሪኑ በርቷል፣ ነጫጭ ጽሑፉ በጥቁሩ ላይ ሽቅብ ይፈስሳል። ፍጥነቱ ተመለሰ። የአምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ተማሪዎች የሚመስሉ ልጆች አጠገቤ ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው አየሁ። ኮራሁ እንጂ አልደነገጥኩም።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የስልኬ ጥሪ የእህቴ ልጅ ድምፅ ነው። አራት ዓመቱ ነው፣ ራሱ ቀድቶልኝ ነው፣ አልቀይርም ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ። «አጎቴ! አጎቴ! ኧረ አንሳኝ!» ይላል። «አንሳ» ሊል ነበር፣ «አንሳኝ» አለ፣ ቀረ።

ጮኸ። ከፍሪጅ ውስጥ።

ካፌው ዝም አለ። መስታወቱ ድምፁን አፍኖት ከጉድጓድ የሚጣራ ልጅ አስመሰለው። «አጎቴ! አጎቴ! ኧረ አንሳኝ!» አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት «በስመ አብ!» ብለው ተነሱ። አንድ ሰውዬ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ ፈለገ። እትዬ ራሳቸው ያስቀመጡትን ረስተው ጓዳ ገብተው «ማነው ልጅ ይዞ የመጣ?» ይላሉ። ልጁ አያቋርጥም። እናትዬዋ ወደ ፍሪጁ እየተጠጉ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አይዞህ!» ማለት ጀመሩ። እኔ? እግሬ አልታዘዘኝም። ብነሳ አጎትየው እኔ መሆኔ ይታወቃል።

አስተናጋጇ ብቻ ነበረች የተረጋጋችው። ፍሪጁን ከፈተች፣ ስልኩን አወጣች፣ ትሪ ላይ ሶፍት አነጠፈች፣ ስልኩን ሶፍቱ ላይ አስቀመጠች፣ ትሪውን ከፍ አድርጋ ካፌው መሃል ቆመች።

«ቀዝቃዛ ያዘዘው ማነው?»

እየቀለደች ይሁን ከምር ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ብትስቅ ኖሮ አብሬያት ስቄ በተገላገልኩ። አልሳቀችም። እጄን አወጣሁ፤ ክፍል ውስጥ ስሙ እንደተጠራ ተማሪ ሳይሆን ጥፋተኛ እንደተባለ ሰው፣ እስከ ትከሻዬ ድረስ ብቻ። ከተማሪዎቹ አንዱ «ሰርቨሩ ፍሪጅ ውስጥ ነው አሉ» ሲል ሰማሁት።

የሚደውሉት ደንበኛዬ ነበሩ፤ ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል።

ስልኩ ውጭ ሲወጣ አላበው። ጠብታው ስክሪኑን ራሱ ይነካካል፣ የጣት አሻራዬን አያነብም። እንደምንም ስከፍተው ተርመክስ «ሲግናል 9» ብሎኛል፤ ሲስተሙ ፕሮሰሱን ገድሎታል ማለት ነው። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ አፖች ከጀርባ የሚያስነሷቸው ፕሮሰሶች ተደምረው ከ32 ካለፉ እየተለቀሙ ይገደላሉ፤ ሚሞሪ ሲያጥርም እንደዚያው ነው። ምክንያቱ የቱ ይሁን ለሳቸው ምን ይጠቅማቸዋል? የድሮውን ኤፒኬ፣ ያኔ የተገጣጠመውን አፕ ከፍቼ አሳየኋቸው።

መነጽራቸውን አወጡ። «አሁንም ልብስህ ይላል» አሉ።

«ጋሼ፣ እየተስተካከለ ነው።»

«ኮምፒውተር የለህም እንዴ?»

«አያስፈልገውም፣ ጋሼ።»

ፍሪጁን አዩት። ከዚያ የባሰውን ጠየቁኝ፦ «ለአይፎንስ? እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ አይፎን ነው የያዘችው።» ይቺን ጥያቄ የማይጠይቅ ደንበኛ አላጋጠመኝም፤ ሁሉም ሰው አሜሪካ እህት አለው። የአይፎን አፕ መሥሪያው ኤክስኮድ የአፕል ኮምፒውተር፣ ማክ ላይ ካልሆነ አይሠራም፤ ኢንተርኔት ላይ ባለ ማክ ማሠራት ይቻላል፣ ግን መደብሩ ላይ ለማውጣት ለአፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ነው። የጎግል ፕሌይ አንዴ 25 ከፍለህ ትገላገላለህ። ዶላሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሰ ደግሞ አታስለፍልፉኝ። ይሄን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ «እና ለአይፎንም ይሆናል?» አሉኝ።

ሂሳብ መጣ። ማኪያቶ፣ የሳቸው ሻይ፣ አንድ አምቦ። አምቦ አልጠጣንም ስላት እትዬ ከባንኮኒው ሆነው «ለስልክህ ቦታ ብዬ ያወጣሁት ነው፤ ሞቋል፣ አሁን ማን ይጠጣልኛል?» አሉ።

ደንበኛዬ እጃቸውን ዘረጉ። «ለኔ አምጪው፤ ቀዝቃዛ ጉሮሮዬን ያመኛል።» እስኪጨርሱት ጠበቅኳቸው። ከፈልኩ።