ሙቀት ሰው ሲጥል፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ መኪና

ስለ ሙቀት የሚበተኑት በራሪ ወረቀቶች «ውሃ በብዛት ጠጡ፣ ጥላ ፈልጉ፣ ሰው ከታመመ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ» ብለው ያበቃሉ። ሁለቱ ሁሉም የሚያውቃቸው ናቸው። ሦስተኛው ግን እንዲህ በደፈናው ሲጻፍ ሰው ሊያስገድል ይችላል፤ ባነበብኩት ቁጥር ያናድደኛል። ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት ቀላል ቀላሉን ላሳልፍ።

ቤት ውስጥ የማደርገው ይህ ነው፦ ውጭው ከውስጡ ሲሞቅ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ማታ ውጭው ሲቀዘቅዝ ነፋስ እንዲያልፍ ፊት ለፊት ያሉትን እከፍታለሁ። ፀሐይን ከመስታወቱ ውጭ የሚያስቀር ሸራ ከውስጥ መጋረጃ ይሻላል። አየሩ ወደ 35 ድግሪ ሲጠጋ ከቆዳ ሙቀት ጋር ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ ቬንቲሌተር የሚያቀዘቅዘው ቆዳው ላይ የሚተን ላብ ወይም ውሃ ካለ ብቻ ነው። የአረጋውያን ላብ ስለሚያንስ ክንዳቸውንና አንገታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ሳላርስ ቬንቲሌተር አላዞርባቸውም።

ሙቀት ውስጥ ለሚሠራ አዋቂ በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። «በብዛት» የሚለውን ቃል የምጠላው በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ መጠጣት የደምን ጨው ስለሚያቀጥን ነው፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ከሙቀት ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል ሰዉ ጭራሽ ውሃ ይጨመርለታል። ለሰዓታት ላብ ከፈሰሰ ኦአርኤስ ይሻላል፤ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ልሙጥ ተደርጎ የተለካ። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ውሃ አይሰጥም፤ ቶሎ ቶሎ ይጠባል። የሕፃን ጋሪ ላይ ጨርቅ አይጣል፣ አየር ይታፈናል። በቆመ መኪና ውስጥ ልጅ ለአንዲት ደቂቃም አይተውም፤ መስኮቱን ትንሽ ከፍቶ መሄድ ለውጥ አያመጣም።

ስለ ፀሐይ መከላከያ ክሬም ሰው የሚከራከረው በኤስፒኤፍ፣ ማለትም ቱቦው ላይ በተጻፈው የመከላከል አቅም ቁጥር ነው። ኤስፒኤፍ 30 የሚያቃጥለውን ጨረር 97 በመቶ ያህል ያስቀራል፣ ኤስፒኤፍ 50 ደግሞ 98። ልዩነቱ ያለው በመጠኑ ነው፦ ለፊትና አንገት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለእያንዳንዱ ክንድ አንድ፣ ለእያንዳንዱ እግር ሁለት፣ ለደረት አንድ፣ ለጀርባ አንድ። አብዛኛው ሰው የሚቀባው የዚህን ግማሽ እንኳ ስለማይሆን ቱቦው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አያገኘውም። ከመውጣት 20 ደቂቃ በፊት፣ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ፣ ከዋና በኋላ ደግሞ ወዲያው። እኔ ግን ቅድሚያ የምሰጠው ለእጅጌ ረጅም ልብስና ለሰፊ ባርኔጣ ነው፤ ልብስ እንደገና አይቀባም። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ክሬም ሳይሆን ጥላ ነው የሚያስፈልገው።

«ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» የሚባለው ስሕተት ነው። ይቃጠላል፤ መቅላቱ ስለማይታይ ብቻ ይታለፋል። ከፀሐይ ከተገባ ከ3 እስከ 5 ሰዓት በኋላ ቆዳው ሲዳሰስ ይሞቃል፣ ያማል፣ በኋላም ይላላጣል። ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት፤ በረዶ በቀጥታ አይነካው፣ ውሃ የቋጠረው አይፈንዳ። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚያይል ነፋሻና ቀዝቃዛ አየር ሊያታልለን አይገባም። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ከፀሐይ ሽሹ።

አሁን ወደ ዋናው። በሙቀት የዛለ ሰው ያልበዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ግን ስሙን ተጠይቆ በትክክል ይመልሳል። ጥላ ውስጥ አስተኝቶ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ፣ ልብሱን አላልቶ፣ ቀስ እያሉ ማጠጣት ነው፤ በ30 ደቂቃ ካልተሻለው የሕክምና እርዳታ ይጠራ። ሄት ስትሮክ ሌላ ነው፦ የውስጥ ሙቀቱ 40 ድግሪና ከዚያ በላይ ደርሶ አንጎል ይነካል። ሰውየው ይቀባዥራል፣ ይንገዳገዳል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል፣ ይንቀጠቀጣል ወይም ራሱን ይስታል። «ላቡ ይቆማል፣ ቆዳው ይደርቃል» የሚለው ምልክት ብዙዎችን አዘናግቷል፤ ሲሠራ ወይም ሲሮጥ የወደቀ ሰው በላብ ተጠምቆም ሄት ስትሮክ ሊሆን ይችላል። የብብት ቴርሞሜትርም ከውስጥ ሙቀቱ በታች ስለሚያነብ ቁጥሩ አያጽናናችሁ። ባሕርዩ ከተለወጠ ይበቃል።

ያን ጊዜ መዳን አለመዳኑን የሚወስነው ሙቀቱ ምን ያህል ከፍ ማለቱ ብቻ ሳይሆን ከፍ ብሎ የቆየበት ጊዜ ነው። ግማሽ ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። ሞቃት መኪና ውስጥ ጭኖ መንገድ መጀመር ይህን ግማሽ ሰዓት መብላት ነው። አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ፣ ሌላው ያቀዝቅዝ። ወጣትና ጤነኛ ከሆነ እስከ አንገቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር ከሁሉም ይፈጥናል፤ ጭንቅላቱን የሚይዝ ሰው ግን አይለየው። ገንዳ ከሌለ ሸራ ዘርግቶ አስተኝቶ፣ ጠርዙን ሰዎች ከፍ አድርገው ይዘው ውሃና በረዶ መጨመር። ለአረጋዊ ወይም ለልብ ሕመምተኛ መላ ሰውነቱን እያረሱ በኃይል ማራገብ ይመረጣል። አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ማድረግ ያግዛል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ግንባር ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ መጠበቅ ደግሞ ምንም አላደረጉም ማለት ነው።

ፓራሲታሞል አይሰጥም። በትኩሳት ጊዜ አንጎል ራሱ የሙቀት ልኩን ከፍ ስለሚያደርግ መድኃኒቱ ያንን ልክ ያወርዳል፤ እዚህ ልኩ አልተነካም፣ ሙቀት ማስወጣት ነው ያቃተው። ስለዚህ አይጠቅምም፣ የተጎዳ ጉበት ላይ ሸክም ይጨምራል። የሚቀባዥር ሰው አፍ ውስጥም ውሃ አይጨመርም፣ ትን ይለዋል።

ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ቤት ይሂድ። የጡንቻ፣ የኩላሊትና የጉበት ጉዳት ከቀን በኋላ ሊገለጥ ይችላል፤ የጠቆረ ሽንት አንዱ ምልክት ነው። ከዚያም ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ስፖርትም ሆነ ከባድ ሥራ የለም፤ ሲመለስም ሐኪም አይቶት፣ በጠዋቱ ቅዝቃዜ፣ በትንሹ ጀምሮ ነው።