ታይምአውት ትሬዱን አያስቆመውም፦ የፓይተን ልምምዴ ከደብረ ብርሃን

ፓይተን እየተማራችሁ ላላችሁ ሁሉ ሰሞኑን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ነገሩ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) እና የጊዜ ገደብ፣ ማለትም ታይምአውት ነው። ብዙ ሥራ ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል፤ ግን ከተባለው ሰዓት እንዳያልፍ እንዴት ይደረጋል? ትሬድ መክፈቱ ቀላል ነው፤ የትኛውም የማስተማሪያ ቪዲዮ ያሳያል። በሰዓቱ ማስጨረሱ ላይ ግን ብዙዎቹ ቶሎ ያልፋሉ። እኔ የቆየሁት እዚያው ላይ ነው።

ስክሪፕቴ የሰሜን ሸዋ ቦታዎችን የሌሊት ዝቅተኛ የሙቀት ትንበያ ከአንድ ነፃ አገልግሎት ያወርዳል። ከዚያ አጠር ያለ መልእክት አዘጋጅቶ ለዘመዶቼ የቴሌግራም ግሩፕ ይልካል። ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ሰላ ድንጋይ፣ ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ፣ እነዋሪ፣ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት አሉበት። አገሩን የሚያውቅ ሰው ለምን ለየብቻ እንደምጠይቅ ይገባዋል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል። አንዱ ጋ ውርጭ ሲያድር ሌላው ጋ በሙቀት እንቅልፍ የለም። ለዞኑ ሁሉ አንድ ቁጥር መላክ ማንንም አይጠቅምም።

ሰዓቱስ? ከጥቅምት ጀምሮ ደጋው ላይ ውርጭ ያሰጋል። እሸት ላይ ያለ ባቄላ ውርጭ ከመታው አለቀለት። ችግኝ የሚሸፈነው፣ ግልገል የሚገባው፣ የደረሰው እህል ነገ ይታጨድ አይታጨድ የሚባለው ሳይመሽ ነው። ስለዚህ መልእክቱ ከማታ 12 ሰዓት በፊት መድረስ አለበት። ስክሪፕቱን ክሮን (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም በተባለው ሰዓት የሚያስነሳ አገልግሎት) 11፡45 ላይ ያስነሳዋል፤ በማሽኑ አቆጣጠር 17፡45 ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ላይ የሚደርስ ትንበያ ትክክል ቢሆንም ጊዜው ያለፈበት ነው። እኔ የጊዜ ገደብን ከልቤ የያዝኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ትሬድ ያስፈለገኝ ጥያቄዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያባክኑት በመጠበቅ ስለሆነ ነው። ተራ በተራ ሲጠየቅ የሁሉም ቦታ ጊዜ ይደመራል። በትሬድ ሲሆን ግን ጠቅላላው ጊዜ በጣም ወደዘገየው ይጠጋል። ፓይተን ውስጥ ጂአይኤል የሚባል ቁልፍ አለ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የፓይተን ኮድ እንዲያስኬድ ያደርጋል። ትሬዱ ኔትወርክ ሲጠብቅ ግን ቁልፉን ይለቃል፤ ሌላው ይቀጥላል። ስለዚህ ለማውረድ ትሬድ ያዋጣል፤ ለከባድ ስሌት ግን ብዙም አይረዳም። በ2024 የወጣው ፓይተን 3.13 ይህ ቁልፍ የሌለበት የሙከራ ቅጂ ይዞ መጥቷል። ለእኔ ሥራ ግን የተለመደው ይበቃል።

የምጠቀመው ትሬድ ፑል ኤክሰኪውተርን ነው፤ የተወሰኑ ትሬዶች ይዞ ሥራ የሚያከፋፍል የፓይተን መሣሪያ ነው። የትሬድ ቁጥር ካልነገርነው፣ ከ3.8 ጀምሮ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ሲደመር 4 ይወስዳል፤ ከ32 ግን አያልፍም። እኔ 4 ብዬ ገደብኩት። አገልግሎቱ በነፃ የሚሰጥ ነው፤ በአንዴ ብዙ ጥያቄ መጫን ነውር ይመስለኛል። ኔትወርኩ ደከም ባለበት ሰዓትም ትሬድ ማብዛት ትርፍ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለኤክሰኪውተሩ ሥራ ስትሰጡት ውጤቱ ኋላ የሚገኝበት ፊውቸር የሚባል ነገር ይሰጣችኋል። እሱ ላይ ሪዘልት ብላችሁ ታይምአውት 10 ብትሰጡት፣ 10 ሰከንድ ሲሞላ የታይምአውት ኤረር ይወረወራል። ሲታይ ሥራው የቆመ ይመስላል። አልቆመም። የቆመው የእኛ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ትሬዱ ከኋላ ሥራውን ቀጥሏል። ካንስል ብትሉትም አንዴ የጀመረ ሥራ አይሰረዝም፤ የሚሰረዘው ተራ ሲጠብቅ የነበረው ነው። ትሬድ እስኪጨርስ በሚጠብቀው ጆይን ላይ የሚሰጥ ታይምአውትም ያው ነው፤ እንዲያውም ኤረር እንኳ አይወረውርም። ቢጨርስም ባይጨርስም ዝም ብሎ ይመለሳል። ትሬዱ አሁንም በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ኢዝ አላይቭ ብሎ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።

ልጅ ወፍጮ ቤት ልካችኋል እንበል። በር ላይ ቆማችሁ ጠብቃችሁ ሲሰለቻችሁ ወደ ቤት ትገባላችሁ። ልጁ ግን አሁንም ሰልፍ ላይ ነው። እንዲመለስ ከፈለጋችሁ ሲወጣ ነው «ሰልፉ ከረዘመ ተመለስ» ማለት ያለባችሁ። ፓይተን ትሬድን ከውጭ የሚገድል ትእዛዝ የለውም፤ ትሬዱ በራሱ መቆም አለበት።

ይህን በዓይኔ ማየት ስለፈለግኩ ላፕቶፔ ላይ ሆን ብሎ የሚዘገይ ትንሽ የሙከራ ሰርቨር ሠራሁ። ለሚማር ሰው በጣም እመክራለሁ። ኔትወርክ እስኪበላሽ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መዘግየቱን ራሳችሁ ትፈጥራላችሁ፣ እየለዋወጣችሁ ታያላችሁ። ለ60 ሰከንድ ዝም እንዲል አዘዝኩት። ስክሪፕቱ በ10 ሰከንድ «ታይምአውት» ብሎ ጻፈ፤ ፕሮግራሙ ግን አልወጣም። ምክንያቱ ሁለት ነው። ኤክሰኪውተሩ በዊዝ ብሎክ (የተከፈተውን ራሱ በሚዘጋ የኮድ ክፍል) ውስጥ ከተከፈተ፣ ብሎኩ ሲዘጋ ትሬዶቹ ሁሉ እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ዊዝን ትቼ መዝጊያውን፣ ሻትዳውንን፣ ያለመጠበቅ ጠራሁት፤ ከ3.9 ጀምሮ ያለውንም ተራ የሚጠብቁትን መሰረዣ ጨመርኩበት። ያኔ ኮዱ ወደ ቀጣዩ መስመር አለፈ። ፕሮግራሙ ሊዘጋ ሲል ግን ፓይተን ራሱ የፑሉን ትሬዶች ይጠብቃል። ስለዚህ እንደገና ቆመ። መፍትሔው ከውጭ አይመጣም፤ ገደቡ ሥራው ያለበት ቦታ፣ ትሬዱ ውስጥ መግባት አለበት።

የእኔ ትሬድ የሚቆየው ከኢንተርኔት ዳታ በሚያወርደው ሪኩዌስትስ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ሪኩዌስትስ ታይምአውት ካልተሰጠው ምንም ገደብ የለውም፤ ሰርቨሩ ዝም ካለ እሱም ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ሁለት ቁጥር እሰጠዋለሁ፦ ለመገናኘት 3.05 ሰከንድ፣ ለማንበብ 5 ሰከንድ። 3.05 የላይብረሪው መመሪያ የሚመክረው ዓይነት ቁጥር ነው፤ ከ3 ብዜት ጥቂት ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም ቲሲፒ (ዳታ በኔትወርክ የሚላክበት ደንብ) የጠፋ ፓኬት፣ ማለትም የዳታ ቁራጭ፣ ደግሞ ለመላክ 3 ሰከንድ የሚጠብቅበት ልማድ ስለነበረው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። የማንበቢያው 5 ሰከንድ የጠቅላላው ሥራ ገደብ አይደለም። በአንድ የዳታ መምጣትና በሚቀጥለው መካከል ያለ ዝምታ ገደብ ነው። የሙከራ ሰርቨሬን በየ2 ሰከንዱ አንድ ባይት ብቻ እንዲያንጠባጥብ አደረግኩት። ታይምአውቱ ፈጽሞ አልተነሳም፤ በእያንዳንዱ ጠብታ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራልና። የመገናኛውም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ አንድ የሰርቨር ስም ብዙ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ካለው ገደቡ ለእያንዳንዱ አይፒ ለየብቻ ይሠራል። ስሙን ወደ አይፒ የሚቀይረው የዲኤንኤስ ፍለጋ ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም።

ስለዚህ የራሴን ማብቂያ ሰዓት አስቀመጥኩ። ስክሪፕቱ ሲጀምር ታይም ዶት ሞኖቶኒክን አይቶ 40 ሰከንድ ይጨምርበታል፤ ያ ቁጥር ለሁሉም ትሬድ ይሰጣል። ተራውን ሰዓት ያልተጠቀምኩት የማሽኑ ሰዓት ከኢንተርኔት ጋር ሲስተካከል ወደፊትም ወደኋላም ሊዘል ስለሚችል ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዲህ ማየት የተለመደ ነው። ሞኖቶኒክ ወደኋላ አይሄድም። መልሱን በስትሪም እየከፈትኩ በትንንሽ ቁራጭ እቀበላለሁ፤ በየቁራጩ ሰዓቱን አያለሁ፤ ካለፈ ግንኙነቱን ዘግቼ እወጣለሁ። ቁራጩ ትልቅ ከሆነ ግን እስኪሞላ ድረስ ሰዓት የማየት ዕድል አይኖርም፤ ትንሽ ያደረግኩት ለዚህ ነው።

ድጋሚ ሙከራ ላይም ለውጥ አድርጌያለሁ። አንድ ጥያቄ ሲከሽፍ ትንሽ ቆይቶ መሞከር ደግ ነው። ለዚያ ስሊፕ መጠቀም ግን ትሬዱን ያስተኛዋል፤ ማንም ሊቀሰቅሰው አይችልም። በምትኩ ትሬዲንግ በሚባለው የፓይተን ሞጁል ውስጥ ያለውን ኢቬንት (ትሬዶች ምልክት የሚሰጣጡበትን) ወስጄ ዌይት 2 እለዋለሁ። ማንም ካልነካው 2 ሰከንድ ይጠብቃል። ዋናው ትሬድ «ይብቃ» ብሎ ኢቬንቱን ካነሳው ግን ወዲያው ይነቃና ይወጣል። እኔ በጣም የወደድኩት መሣሪያ ይሄ ነው።

ውጤቱን ስሰበስብም ኤክሰኪውተሩ የሚገኝበትን ሞጁል፣ የኮንከረንት ፊውቸርስን፣ ዌይት እጠቀማለሁ። ይህኛው ኤረር አይወረውርም፤ ያለቁትንና ያላለቁትን በሁለት ለይቶ ይሰጣል። እያንዳንዱ ትሬድ ውጤቱን መልሶ ብቻ ይሰጣል፤ የሚያቀናጀው ዋናው ትሬድ ነው። ስለዚህ ሎክ (ሁለት ትሬድ አንድን ዳታ በአንዴ እንዳይነኩ የሚከለክል ቁልፍ) አላስፈለገኝም። ያልደረሰ ቦታ ካለ መልእክቱ «የሞላሌ ትንበያ ዛሬ አልደረሰም» ይላል። የትናንቱን ቁጥር በዛሬው ቦታ መተካት ቀላል ነበር፤ ግን ሰው አምኖት ችግኙን ሳይሸፍን ቢያድርስ? አላደርገውም።

የመጨረሻው አጥር ከፓይተን ውጭ ነው። ሊኑክስ ላይ ታይምአውት የሚባል ትእዛዝ አለ፤ በክሮን መስመሩ ላይ 90 ሰከንድ ሰጥቼ አስቀድሜዋለሁ። ዲኤንኤሱ ተይዞ ቢቀር እንኳ ፕሮሰሱን ከነትሬዶቹ ይዘጋዋል፤ ሲዘጋው የመውጫ ቁጥሩ 124 ስለሚሆን በሎግ ይታወቃል። እንዲህ በድንገት ሲዘጋ ግን የፋይናሊ ኮድ፣ ማለትም ከመውጣት በፊት የሚያጸዳው ክፍል፣ አይሠራም። ለዚህ ነው ፋይል የምጽፈው መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ሆኖ፣ ሲያልቅ በኦኤስ ዶት ሪፕሌስ የምቀይረው። ግማሽ የተጻፈ ፋይል አይገኝም። ኤፍሎክ የሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ደግሞ የዛሬው ሳያልቅ ሌላ እንዳይነሳ ይጠብቃል።

አሁን ያንጠባጠበውም፣ ዝም ያለውም፣ ግንኙነት የከለከለውም የሙከራ ሰርቨር ስክሪፕቱን ከገደቡ አያሳልፈውም። ቀጥሎ ይህንኑ ሥራ በኤሲንክአዮ (በአንድ ትሬድ ብዙ ሥራ እያፈራረቀ በሚያስኬድ የፓይተን ሞጁል) መሥራት እፈልጋለሁ። እዚያ ከ3.11 ጀምሮ ያለው ታይምአውት አወይት (መጠበቂያ ቃሉ) ላይ የቆመን ሥራ በእርግጥ ይሰርዘዋል ይባላል፤ በዚያው የሙከራ ሰርቨር ላይ ላየው ነው። የሰርቨሩ ኮድ አጭር ነው፤ የሚፈልግ ካለ ይጻፍልኝ፣ እልካለሁ።